አድጎ የጨረሰ ሰው

ልጅ ሆኜ አያቴን ላሳውረው ምንም አልቀረኝም ነበር። በክፋት እንዳይመስላችሁ፤ በትምህርት ነው። በአንድ ጠዋት የሰማሁትን ትምህርት ይዤ ሮጬ ሄድኩና አያቴ ላይ አራገፍኩበት። እሱም ልብስ ሰፊ አይደል፣ የተሰጠውን ልክ ሳያዛንፍ ተቀበለኝ።

ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው። የምንኖረው በአያቴ ቤት ነበር፤ እኔ፣ እናቴና አባባ እያልኩ የምጠራው እሱ። ሴት አያቴ ስትሞት እናቴ "አባዬን ብቻውን አልተወውም" ብላ ጓዛችንን ጠቅልለን ገባን። ቤቱ ከፋብሪካው ግንብ ፊት ለፊት በአንድ ረድፍ ከተሠሩት የሠራተኛ ቤቶች አንዱ ነው። ሁሉም ቁርጥ አንድ ናቸው፤ አረንጓዴ በር፣ ሁለት ደረጃ፣ ገባ ሲሉ በስተግራ ጠረጴዛ። እናቴ ዳቦ ቤት ትሠራለች፤ ጠዋት የአባባን ምሳ በምሳ ዕቃ ቋጥራ ትወጣለች፣ ስትመለስ ይመሻል። የአባባ ሱቅ ከቤታችን የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። አንድ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ ጣሳ ሙሉ የልብስ ቁልፍ። እኔ ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ የምሄደው ወደዚያ ነበር።

የዚያን ቀን አስተማሪያችን ትልቅ ሥዕል ግድግዳው ላይ ሰቀለችና ምግብ በሦስት ይከፈላል አለችን። ሰውነት ገንቢ፣ ኃይል ሰጪ፣ በሽታ ተከላካይ። በገንቢው በኩል እንቁላል፣ ሥጋ፣ ጉበት፣ ወተትና ባቄላ ተሥለዋል፤ "ይሄ ለማደግ ነው" አለች። በኃይል ሰጪው ዳቦ፣ ድንች፣ ስኳር፤ "ይሄ ለመሥራት ነው።" በተከላካዩ ካሮት፣ ቆስጣ፣ ፓፓያ፤ "ይሄ ደግሞ እንዳንታመም ነው።" ከዚያ ደወል ተደወለ። ትምህርቱ በማግስቱ ይቀጥል ነበር፤ እኔ ግን በማግስቱ ጉንፋን ይዞኝ ቀረሁ።

ደወሉ እንደተደወለ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወደ ሱቁ በረርኩ። አባባ ምሳ ዕቃውን ከፍቶ፣ ሹካውን ይዞ፣ ምግቡን ዝም ብሎ እያየው ነበር።

"አባባ፣ ታድጋለህ?" አልኩት።

መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አወረደ። "እኔ? ወደ ታች ካልሆነ!"

"ትታመማለህ?"

"ጠላቴ ይታመም! ምን በወጣኝ።"

"ትሠራለህ ግን።"

"ታዲያ ይሄ ምን ይመስልሻል?" አለና መኪናውን ረገጥ ረገጥ አደረገው።

ፍርዴን ሰጠሁ። አባባ አድጎ ጨርሷል፤ ስለዚህ ገንቢ አያስፈልገውም። አይታመምም፤ ስለዚህ ተከላካይ አያስፈልገውም። ቀኑን ሙሉ መኪና ሲረግጥ ስለሚውል የሚያስፈልገው ኃይል ሰጪ ብቻ ነው፤ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ። "የቀረው የኔ ነው፤ እኔ ገና እያደግኩ ነው፣ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ያመኛል" አልኩት።

አባባ ከት ብሎ ሳቀ። ሴት አያቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። ምሳ ዕቃውን ወደ እኔ ገፋ አደረገና "እንግዲህ መምህር ካዘዘች ምን ይደረጋል!" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ዘንድ ስሜ መምህር ሆኖ ቀረ።

እናቴ ጉበት ጠብሳ፣ እንቁላል ቀቅላ፣ ካሮትና ቆስጣውን በዘይት አብስላ የምትቋጥረውን ሁሉ ጥርግ አድርጌ የምበላው እኔ ሆንኩ። እሱ ከጎረቤት ሻይ ያስመጣና ዳቦውን እየነከረ ይበላል። ማታ ራት ሲቀርብ "ምሳው ከብዶኛል" ይልና እንደገና ዳቦና ሻዩን ይዞ ጥጉን ይይዛል። እናቴ ባዶውን ምሳ ዕቃ ስታጥብ "ተመስገን፣ ምግብ ጀመረልኝ" ትል ነበር። እኔም ታካሚዬ እንዴት ታዛዥ ነው እያልኩ እደነቅ ነበር። አሁን ትልቅ ሰው ሆኜ ሳስበው፣ ሰው ያን ያህል የሚታዘዘው የታዘዘው ነገር ሲገላግለው ነው።

ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነገሮች መለዋወጥ ጀመሩ። በየሁለት ወሩ የገዛ ሱሪውን ወገብ ሲያጠብ አየው ነበር። "ምን ሆኖ ነው?" ስለው "የዘንድሮ ጨርቅ ሲለበስ ይሰፋል" ይለኛል። አመንኩት፤ ስለ ጨርቅማ አባባ አይዋሽም። ዓይኑን ቶሎ ቶሎ ያሻል፤ "የጨርቅ ብናኝ ገባብኝ" ይላል። ቀን ቀን ግን መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገባው በአንድ ሙከራ ስለነበር ማንም አልጠረጠረም።

ከዚያ ጨዋታው መጣ። ድሮ ሱቁን የሚዘጋው ከጨለመ በኋላ ነበር። አሁን ፀሐይ ወደ ፋብሪካው ጭስ ማውጫ ጠጋ ስትል መቀሱን ያስቀምጥና "ነይ እጅሽን ልያዝሽ፣ እንዳትፈሪ" ይላል።

"አልፈራም እኮ!"

"ሁሉም ፈሪ እንደዚያ ነው የሚለው።"

መንገድ ላይ ደግሞ "እስቲ መምህር፣ ከፊታችን ምን አለ?" ብሎ ይጠይቀኛል። እኔ ምኔ ሞኝ፣ እለፈልፋለሁ። "ቦይ አለ፣ እግርህን አንሳ! ብስክሌት ቆሟል። እዚህ ጋ ድንጋይ። ውሻው ተኝቷል፣ በግራ እንለፍ።" ለእያንዳንዱ ትክክለኛ መልስ በማግስቱ ከጣሳው አንድ ቁልፍ ይሰጠኛል። ሁለት ጠርሙስ ሙሉ አጠራቅሜ ነበር። ጓደኞቼን "አያቴ አስተዋይ እንድሆን እያሠለጠነኝ ነው" እያልኩ አስቀናቸው ነበር። እጅ ይዤ የማደርሰው እኔ እንደሆንኩ አንዴም ውል ብሎልኝ አያውቅም።

ነገሩ የፈነዳው በማልያ ነው። የሰፈሩ እግር ኳስ ቡድን አሰልጣኝ፣ ሲያንሾካሹክ እንኳ ከሜዳው ማዶ የሚሰማ ሰውዬ፣ አሥራ አንድ ማልያ አዘዘ። አባባ በጥሩ ሁኔታ ሰፋው፤ የመጨረሻዎቹን ቁጥሮች የለጠፈው ግን ቀኑ መሸትሸት ሲል ነበር። የጨዋታው ዕለት ሁለት ስድስት ቁጥር ሜዳ ገባ፣ ዘጠኝ ቁጥር የለም። ዳኛው አጥቂውን አስወጣው፣ ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ፣ ቡድኑም ተሸነፈ። አሰልጣኙ ዳቦ ቤት ድረስ ሄዶ እናቴን በሰው ፊት ጮኸባት።

ያን ዕለት ከራት በኋላ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ የቤት ሥራ እሠራለሁ። እነሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ፤ ልጅ ደግሞ ጆሮው የሚነቃው ያኔ ነው።

"አባዬ፣ ዘጠኝን ከስድስት መለየት እንዴት ያቅትሃል?"

"ቸኩዬ ነው።"

"ያ ሱሪስ? አንዱ እግር ከአንዱ ያጠረው?"

"ሰውዬው ራሱ ትንሽ ያነክሳል።"

እናቴ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ዋጥ አደረገችው። "አትቀልድብኝ። በጊዜ ትዘጋለህ፣ ሰዉ ሁሉ ልብሴ አልደረሰልኝም እያለ ነው። ከደከመህ ዝጋውና አርፈህ ቤት ተቀመጥ። እኔ አለሁልህ አይደል?"

አባባ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። "ያንን ሱቅ ዘጋሁ ማለት አበቃልኝ ማለት ነው፣ ልጄ። እዚያ ካልዋልኩ ምኑን ሰው ሆንኩት?"

"ታዲያ ለምን እንደ ድሮህ እስኪመሽ አትሠራም?"

"ልጅቷ ናታ! ጨለማ ትፈራለች። እሷን ይዤ መግባት አለብኝ።"

ክው ብዬ ቀረሁ። እርሳሴ ከእጄ ወደቀ። የአባባ ሱቅ ሊዘጋ ነው፣ ምክንያቱም እኔ! እንዲያው በማልፈራው ፍርሃት! በመጋረጃው አልፌ "ውሸት ነው!" ልል ቃጣኝና ተውኩት። በአፍ ከመናገር በተግባር ማሳየት ይሻላል ብዬ ወሰንኩ። ያን ያህል ደፋር መሆኔን ሲያዩ እንደሚኮሩብኝ እያሰብኩ ተኛሁ።

በማግስቱ ምሳውን እንደ ልማዴ በላሁለት። ፀሐይ ገና ከጭስ ማውጫው ከፍ ብላ ሳለች ቦርሳዬን አነሳሁና በሩ ላይ ቆሜ "አባባ፣ ዛሬ ብቻዬን ነው የምሄደው። አልፈራም! አንተ እስኪመሽ ሥራ!" አልኩት።

"ምን? ነይ እንጂ! መምህር! አንቺ ልጅ፣ ተመለሽ!"

ድምፁ ውስጥ ፍርሃት ነበር። ለኔ ሰግቶ መስሎኝ ይበልጥ ሮጥኩ። 

ቤት ገብቼ ድንች መላጥ ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቶ መሸ፣ መብራትም ድርግም አለ። ሻማ ለኮስኩ። እናቴ መጣች።

"አያትሽስ?"

"ሱቅ ነው፣ እየሠራ ነው" አልኳት ደረቴን ነፍቼ። "ዛሬ እስኪመሽ ይሠራል፤ እኔ ብቻዬን መጣሁ።"

"በምን መብራት? መንገዱ ሁሉ ጠፍቷል እኮ!"

አንጠልጥላኝ ወጣች። ገና ደረጃውን ሳንጨርስ ከጎረቤት ቤት "ኧረ ሰውዬ! ኧረ እርስዎ ሰውዬ!" የሚል ድምፅ ሰማን። የሲስተር ድምፅ ነው። ሲስተር ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ በመርፌያቸው የተነሳ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሲያያቸው መንገድ ይቀይራል። ዘው ብለን ገባን። አባባ የሲስተር ጠረጴዛ ጋ ተቀምጧል፤ ጫማውን አውልቆ፣ እጁን አፉ ላይ ጭኖ፣ ከሰው ቤት ሲሰርቅ የተያዘ ይመስል።

የሆነው እንዲህ ነው። አባባ ግንቡን እየዳሰሰ፣ ውሻውን ይቅርታ እየጠየቀ፣ እንደምንም ረድፋችን ጋ ደረሰ። ከዚያ በሮቹን በእጁ ይቆጥራል፤ የኛ ሰባተኛው ነው። ምን ያድርግ፣ በረድፋችን ያለው ፀጉር አስተካካይ በዚያው ሳምንት የቤቱን ግድግዳ አፍርሶ ለደንበኞቹ ሁለተኛ በር ከፍቷል! ሰባተኛው በር የሲስተር ሆነ። ሁለት ደረጃ ወጣ፣ በስተግራ ጠረጴዛ አገኘ፣ ተቀመጠ፣ ጫማውን አወለቀና "ልጄ፣ እስቲ ሻይ" አለ።

ሲስተር ትንፍሽ ሳይሉ ሻይና ዳቦ አቀረቡለትና በሻማው ብርሃን ያዩት ጀመር። አባባ ዳቦውን ከሲኒው አጠገብ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ነከረ። ነክሶም "ዛሬ ምነው ዝም አልሽ፣ ያ አሰልጣኝ አልወጣልሽም እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። "እኔ ከአሰልጣኝ ጋር ምን አለኝ?" አሉት ሲስተር። ያኔ ነው ከወንበሩ የዘለለው።

"ሲመሽ አያዩም፣ አይደል?" አሉ ሲስተር እኛ ፊት። "ከመቼ ጀምሮ?"

አባባ አቀረቀረ። "ጥቂት ወር ሆነኝ።"

"ምን ይበላሉ?"

"ሁሉንም እበላለሁ።"

"ይበላል ሲስተር!" አለች እናቴ። "ጉበት ሳይቀር ነው የምቋጥርለት፤ ምሳ ዕቃው ባዶውን ነው የሚመለሰው።"

ሲስተር የሱሪውን ወገብ በሁለት ጣት ሳብ አደረጉት። አሁንም አንድ ጡጫ ያስገባ ነበር። "ይሄ ጉበት የበላ ወገብ አይደለም" አሉ። ቀጥለው ዞር ብለው እኔን አዩኝ፤ ጉንጬን፣ ሆዴን፣ እንደገና ጉንጬን።

"ልጅቷን ተዉአት" አለ አባባ ቶሎ ብሎ።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ግን ሲስተር "ምን ይበላሉ?" ያሉበት አነጋገር ውስጥ አንድ የሚያስፈራ ነገር ነበረ፤ አባባ የሚድነው እውነቱ ከወጣ ብቻ እንደሆነ በልጅ አእምሮዬ ገባኝ። እየተንሰቀሰቅኩ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ምሳውን የምበላው እኔ ነኝ፤ አባባ አድጎ ስለጨረሰ፣ ስለማይታመም፣ ኃይል ሰጪ ብቻ ስላዘዝኩለት። ሁለት ዓመት ሙሉ!

እናቴ ወንበር ፈልጋ ቁጭ አለች። የሲስተር የአፍ ጫፍ ተንቀጠቀጠ፤ ሊቆጡ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ነይ ወዲህ" አሉኝ። የአባባን እጅ አንስተው ወደ ሻማው አስጠጉት። "ጥፍራቸው ያድጋል አያድግም?"

"ያድጋል።"

"ይሄ መርፌ የወጋው ጣት ድኗል አልዳነም?"

"ድኗል።"

"ማን የጠገነው ይመስልሻል፣ ስኳር? አድጎ የጨረሰ ሰው የለም፣ የኔ ልጅ። ሰውነት ሁልጊዜ እድሳት ላይ ነው፤ ሽማግሌውም ገንቢ ይፈልጋል። ተከላካዩም ታሞ ለተኛ ሰው ብቻ አይደለም። ዓይን ለብቻው ቀለብ አለው፤ ካሮቱ፣ ቆስጣው፣ ጉበቱ፣ የእንቁላሉ አስኳል ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኤ። እሱ ሲጎድል ሰው ቀን እያየ ሲመሽ ይጨልምበታል። ዳፍንት ይባላል።"

"ይድናል?" አለች እናቴ።

"በጊዜ ነው የደረስንበት፣ ይድናል። ነገ በጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው፤ መርምረው የቫይታሚኑን እንክብል ይሰጧቸዋል። ትንሽ ብንቆይ ኖሮ ግን..." ሲስተር ቀሪውን ሳይጨርሱት ተዉት።

"እኔ ነኝ ያሳወርኩት!" ብዬ ለቅሶዬን ለቀቅኩት።

አባባ በባዶ እግሩ ተነሳና እየተደናበረ፣ እየዳሰሰ መጥቶ ጭንቅላቴን አገኘው። "አንቺ አይደለሽም። ሴት አያትሽ ከሞተች ጀምሮ ምግብ አልዋጥ ብሎኝ ነበር። አልበላም ብል እናትሽ ታለቅሳለች። አንቺ ስታዢኝ ግን መሳቂያ አገኘሁ፣ መደበቂያም አገኘሁ። ሽማግሌው እኔ ነኝ ማወቅ የነበረብኝ።" ወደ እናቴም ዞረ። "ዓይኔን ብነግርሽ ሱቁን ትዘጊብኛለሽ ብዬ ፈራሁ። በልጅቷ ያመካኘሁት ለዚያ ነው። አፈርኩ።"

እናቴ አንዴ ታለቅሳለች፣ አንዴ ትስቃለች። "አንተ ሰውዬ! አንተ ሰውዬ!" ከማለት ሌላ ቃል አልወጣትም።

ያንን የምግብ ሥዕል ዛሬ እኔው ነኝ ለተማሪዎቼ ግድግዳ ላይ የምሰቅለው። ደወሉ ከመደወሉ በፊት "ሦስቱም ለሁሉም!" ብዬ ሳላስጮኻቸው አንድም ልጅ ከክፍል አይወጣም። በማግስቱ ጉንፋን የሚይዘው ልጅ መቼም አይጠፋም።

ያኔ በማግስቱ ጤና ጣቢያ እንክብሉን ሰጡት፤ ምግቡን ደግሞ እኔ ተረከብኩ። ምሳ ዕቃው ላይ እንደ ዘበኛ ቆሜ "አንድ ጉርሻ ካሮት ቀረችህ" እላለሁ፤ እሱ "ኧረ ፈጣሪ ያሳይሽ መምህር፣ ጥንቸል አደረግሽኝ" ይላል። መጀመሪያ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ፊቱን አጨማዶ ነበር የሚበላው። በኋላ እናቴ ያበሰለችውን ጉበት እያላመጠ "ጨው አሳንሳለች" ብሎ ያማት ጀመር፤ እናቴ ይህን ስነግራት ደስታዋን የት ታድርሰው! እናቴ ደግሞ ሱቁን እስኪሻለው በጊዜ እንዲዘጋ ነገረችው፤ ከተሻለው ግን ቃል ላትናገረው ማለች። ሳይሻለው ቢቀር ምን እንደሚሆን ማናችንም አላነሳነውም፤ ሁላችንም ግን በየቀኑ የምናስበው እሱን ነበር።

ወር ሊሞላ ሲል አንድ ቀን እንደ ልማዴ ሲመሻሽ እጄን ዘርግቼ በሩ ላይ ቆምኩ። አባባ ቀና ሳይል "አንቺ ሂጂ፣ እኔ ሥራ አለኝ፤ ዛሬ እስኪመሽ እሠራለሁ" አለኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እንዲያውም ከፋኝ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ስደርስ ጨለመ። መንገዱ ያው ነው፣ ወራት ሙሉ የለፈለፍኩበት ነው። ግንቡ ግን ተለቀ፣ አንድ ነገር ከኋላዬ ኮሽ አለ። ፈራሁ። የምሬን ነው የምላችሁ፣ ነፍሴ እስክትወጣ ፈራሁ! ጨለማ እፈራ ኖሯል፤ እጄ ተይዞ ስለነበር አላወቅኩትም። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ድምፄን ሳልቆጥብ አለቀስኩ።

የሚሮጥ ጫማ ሰማሁ። አባባ ነው፤ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ እያለከለከ።

"ምን ሆነሻል? ልቤ አላስችል ብሎኝ ተከተልኩሽ። ከዚያ ከመታጠፊያው ጀምሮ እያየሁሽ ነው፣ ድንጋይ ላይ ኩርምት ብለሽ።"

ለቅሶዬ ቀጥ አለ። "ከመታጠፊያው? በዚህ ጨለማ?"

አባባ ዞሮ መታጠፊያውን አየ። ሩቅ ነው። ከዚያ እኔን አየኝ፤ ከላይ እስከ ታች፣ ቀስ ብሎ። 

"አንዱ ካልሲሽም ወርዷል" አለ።

ጎንበስ ብዬ በእጄ ዳሰስኩት። እውነቱን ነው፣ ወርዷል።